ማርቆስ ላይ የምንቀርጸውን ሠርግ የሚያየው ማነው?

የማርቆስ ካሜራ (ክሩን የጀመረው)

ሰላም ለሁላችሁ። ርዕሱ የሠርግ ቪዲዮ ቢመስልም ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። ስለ ሚዲያና ስለ ተመልካች ማውራት ፈልጌ ነው።

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሠርግና ክርስትና እቀርጻለሁ። የጀመርኩት በቪኤችኤስ ዘመን ነው። ያኔ ቀርጸህ፣ ቆርጠህ፣ ካሴቱን ለሙሽራው ቤት ትሰጣለህ፤ ዋጋህን ትቀበላለህ፤ አለቀ። ከዚያ ዲቪዲ መጣ፣ ከዚያ ፍላሽ። ተመልካቹ ግን ያው ነበር። ሙሽሮቹ፣ ወላጆቻቸው፣ ጎረቤት። የቪዲዮው ዳኛ የሙሽራዋ እናት ነበረች። የሷ ወገን በደንብ ካልታየ ወዮልህ!

አሁን ዩቲዩብ ላይ እጭናለሁ። ቤተሰብ ፈቅዶ ነው፤ እንዲያውም ብዙው ሰው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት "ዩቲዩብ ላይ ይወጣል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ሰሞኑን ግን የቻናሉን ቁጥሮች የሚያሳየውን ዩቲዩብ ስቱዲዮ ከፍቼ ተመልካቾቼ ከየት እንደሆኑ አየሁ። አንደኛ አሜሪካ። ሁለተኛ ሳዑዲ ዓረቢያ። ቀጥሎ ኤምሬትስ። ኢትዮጵያ ከነሱ በታች ናት። ገንዘቡ ላይ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። አሜሪካ ላለ ተመልካች የሚከፈለው የማስታወቂያ ዋጋና ደጀን ላለ ተመልካች የሚከፈለው አይገናኝም።

ሌላም አለ። ሰው ቪዲዮውን የት ላይ ጥሎ እንደሚሄድ የሚያሳይ ግራፍ አለ። ሽለላና ፉከራው ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እስክስታው ላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ሰው እየመለሰ ያየዋል ማለት ነው። ሽማግሌዎች ለምርቃት ሲነሱ ቁልቁል ይንደረደራል። እናም ምርቃቱን ማሳጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ ግማሹን። በኋላ "አሜን" የሚለውን የሕዝቡን ድምፅ ብቻ። ባለፈው ጥር የልጃቸውን ሠርግ የቀረጽኩላቸው አባት መጥተው "ልጄ፣ እኔ የመረቅሁት የት ገባ?" አሉኝ። ምን ልበላቸው? ግራፉ ወደቀ ልበላቸው?

የእናንተም ሥራ እንዲህ ሆኗል ወይ? ጋዜጣ፣ ሬዲዮ፣ ሙዚቃ ላይ ያላችሁ እስቲ ተናገሩ።

ሚሞሪ ቤት

አያ ካሜራ፣ ጥሩ ነገር አነሳህ።

እኔ ፍኖተ ሰላም ነኝ። ካሴት ሸጫለሁ፣ ሲዲ ሸጫለሁ፣ ከዚያ ሚሞሪ ካርድ መሙላት ገባሁ። ገበያ ቀን ገበሬው ስልኩን ይሰጠኛል፣ "የጎጃም ዘፈን ሙላልኝ" ይለኛል፣ ጤፉን ሸጦ ሲመለስ ይወስዳል። ለዘፋኙ ምን ይደርሰዋል? ምንም። ይኼን ሁሉም የሙዚቃ ቤት ሰው ያውቀዋል፣ መንገድ ስላልነበረ ግን ዝም ብለን እንሠራለን። በ2011 እነ ኤልያስ መልካ አውታር የሚባለውን የሙዚቃ መተግበሪያ ሲያወጡ መንገዱ የተገኘ መስሎኝ ነበር። ሰው ዘፈኑን በስልኩ፣ በትንሽ ሳንቲም እንዲገዛ ነበር ሐሳቡ። ኤልያስ ግን ብዙ ሳይቆይ ዐረፈ፤ ነፍሱን ይማር። የኔ ደንበኛም በነፃ የለመደውን በሳንቲም እንኳ ለመግዛት ዝግጁ አልነበረም።

ሸክላውን ካሴት ገደለው፣ ካሴቱን ሲዲ ገደለው፣ ሲዲውን እኔ ገደልኩት። አሁን ደግሞ ቲክቶክ እኔን እየገደለኝ ነው። ልጆቹ ሙሉ ዘፈን ፍለጋ አይመጡም። "ያቺ እንዲህ የምትለዋን" ብለው አንዲት ስንኝ ያንጎራጉሩልኛል። ሙሉው ዘፈን የማን እንደሆነ እንኳ አያውቁም።

የባሕር ዳር ኤዲተር

ካሜራ፣ ስለ ግራፉ ያልከው እውነት ነው። ግን ሌላም አስገራሚ ጉዳይ አለ።

ድሮ ሠርግ ላይ ዲጄ የታወቀ ዘፋኝ ሥራ ይለቅቃል፣ እኛም ከነድምፁ እንቀርጻለን። አሁን ያንን ዩቲዩብ ላይ ስትጭን ኮንቴንት አይዲ የሚባለው ሥርዓት ዘፈኑን ይለየዋል። የማስታወቂያው ገንዘብ ወደ ባለ መብቱ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ቪዲዮው ራሱ ይታገዳል። መብታቸው ነው፣ ቅሬታ የለኝም። ውጤቱን ግን ተመልከቱ። እዚህ አንዳንድ ቀራጮች ለቤተሰቡ "ዲጄው ይቅር፣ አዝማሪ አምጡ" ማለት ጀምረዋል። አዝማሪው እዚያው በሙሽራዋ ስም ግጥም ይገጥማል፣ ክሌም (የባለ መብት ጥያቄ) አይመጣበትም። ማሲንቆ በኮፒራይት ምክንያት ሠርግ ቤት ተመልሶ ይገባል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ስለ ገንዘቡ ደግሞ አዲስ ጀማሪዎች እዚህ ካላችሁ ቁርጡን ልንገራችሁ። ከማስታወቂያ ለመካፈል 1,000 ሰብስክራይበርና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የእይታ ሰዓት ያስፈልጋል። ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ 55 በመቶው ያንተ ነው፣ ከሾርትስ (ከአጫጭሩ ቪዲዮ) 45 በመቶ። ይኼ ሁሉ አልፎ እንኳ የኔ ቻናል የተመዘገበው ውጭ ባለች አክስቴ ስም ነው። ገንዘቡ እሷ ጋ ይገባል፣ እሷ ታስተላልፋለች። የሷ ልጆች ሠርግ ሲደርስ በነፃ እንደምቀርጽ ካሁኑ ተነግሮኛል።

ጡረተኛው ዘጋቢ

ካሜራ ልጄ፣ ጥያቄህ የሠርግ ብቻ አይደለም ያልከው ልክ ነው። ብዙ ዓመት ዜና ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ትንሽ ላስረዝምባችሁ ነውና ታገሡኝ።

የዜና ገንዘብ ከዜና መጥቶ አያውቅም። የአሜሪካ ጋዜጦች የኖሩት "ቤት ይከራያል፣ መኪና ይሸጣል፣ ሠራተኛ ይፈለጋል" በሚሉ ጥቃቅን ማስታወቂያዎችና በትልልቅ መደብሮች ነበር። በፈረንጆቹ 1995 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ክሬግስሊስት የሚባል ነገር ተጀመረ። ያንን ጥቃቅን ማስታወቂያ በነፃ ማስነበብ ጀመረ። ቀጥሎ ጉግልና ፌስቡክ ትልልቁን ወሰዱት። በፈረንጆቹ 2005 የአሜሪካ ጋዜጦች ከማስታወቂያ ያገኙት 49 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2020 ከ10 ቢሊዮን በታች ወረደ። የሰው የማንበብ ፍላጎት በዚያ ልክ አልወደቀም። ማንበቢያውና ከፋዩ ተለያዩ እንጂ።

በኛ አገር ያንን ቦታ የያዘው ጨረታ ነው። በኩር ከ1987 ጀምሮ የክልላችን ጋዜጣ ሆና ኖራለች። እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጋዜጣዋ ስትደርስ መጀመሪያ የሚገለጠው የትኛው ገጽ ነው? ጨረታውና ክፍት የሥራ ቦታው ነው። ነጋዴው ለጨረታው ይገዛል፣ ተመራቂው ለሥራው ይገዛል፣ በዚያው ስለ ጤፍ ምርጥ ዘርም ስለ መንገድም ያነባል። አሁን ጋዜጣዋ ሞጣ ሳትደርስ የጨረታው ገጽ ፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ ተለጥፏል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችም ግዥያቸውን ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እያስገቡ ነው። ለግዥው ጥሩ ነው፣ ሌብነት ይቀንሳል። ግን አንድ ዘጋቢ ካሜራና ማስታወሻ ይዞ ቢቡኝ ድረስ ሲሄድ የነዳጁንና የአበሉን ከማን ገንዘብ ነበር የምንከፍለው? ጨረታው ከጋዜጣዋ ሲሄድ አበሉም አብሮ ይሄዳል።

ከዚያ ማን ይተካል? አንድ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሌላው ደክሞ የጻፈውን ጎርናና ድምፅ አውጥቶ ያነበዋል። ከጀርባው የሚያስደነግጥ ሙዚቃ። ፊት ለፊቱ ቀይ ቀስት። "ሰበር ዜና"። የዛሬ ሳምንት የወጣ ጽሑፍ እኮ ነው! ለጻፈው ሰው አምስት ሳንቲም የለም፤ ስሙ እንኳ አይነሣም።

ነገረኛው

ጎጃሞች ሠርግ ላይ ጠጥታችሁ ዝም አትሉም? ምርቃት ለዩቲዩብ ምን ይሠራል፣ ዝለሉት። ሰው ቸኩሏል።

የሞጣ መምህርት

ነገረኛው፣ አንተ ቸኩለህ ከሆነ ሂድ፤ ማን ያዘህ?

ጋሼ ዘጋቢው፣ ስለ ከፋዩ ያሉትን እቀበላለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። እኔን የሚያሳስበኝ በሰፈራችን የሆነውን ከሰፈራችን ሰው መስማት መቅረቱ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ሞባይል ዳታ ለወራት ሲቋረጥ ምን እንደሆነ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። እዚህ ያለነው በየቤታችን ተቀምጠን ምንም አናይም። ውጭ ያሉት ግን ስለ እኛ ሌት ተቀን ቀጥታ ስርጭት ላይ ያወራሉ። አንዱ መንደራችን ተቃጥሏል ይላል፣ ሌላው ሠርግ ላይ ነን ይላል። መስመር በተገኘ ቀን አጎቴ ከዋሽንግተን ደውሎ "ሞጣ እንዴት ሆነ?" አለኝ፤ መልሴን ሳይሰማ እሱ ራሱ ይነግረኝ ጀመር። የሞጣ ሰው እኔ ነኝ እኮ!

ዳታው ሲመለስ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ተማሪዎቼ ፎቶ ያመጣሉ፣ "ትናንት እዚህ አጠገብ የሆነ ነው" ይላሉ። አንዱን በጉግል ሌንስ (ፎቶ ከየት እንደመጣ በሚፈልገው መሣሪያ) አብረን ፈለግነው። የሌላ አገር፣ የብዙ ዓመት ፎቶ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዷ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ ግን ሼር አድርጌዋለሁ፣ አሁን ምን ይሻላል?" አለች። ሼር ያደረገችበት ቡድን ውስጥ ገብታ "ውሸት ነው" ብላ እንድትጽፍ ነገርኳት። ጻፈች። ማንም መልስ አልሰጣትም። እውነቱ እንደ ውሸቱ አይሮጥም።

በነገራችን ላይ ገጽ ያላችሁ ሰዎች፣ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012ን አንብቡት። ሐሰተኛ መረጃው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከተሰራጨ ቅጣቱ ይከብዳል። ካሜራ፣ ያንተ ሠርግ ቻናል ሳይቀር ያንን ሳያልፍ አይቀርም።

ሚሞሪ ቤት

መምህርት፣ ዳታው በጠፋ ጊዜ የኔ ቤት ሞልቶ ነበር። ተዘግቶ የነበረው ሥራዬ እንደገና ተነሣ። አንዱ ባሕር ዳር ሄዶ የሚመጣ ሹፌር ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ፊልሙ፣ መዝሙሩ፣ ድራማው ከዚያ ላይ ይገለበጣል። ወጣቶቹ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ይላላካሉ። ባትሪ ሬዲዮ ጠያቂውም በዛ። ለዓመታት አቧራ የጠጡ ሬዲዮኖቼን ያኔ ጨረስኳቸው።

ጡረተኛው ዘጋቢ

ሬዲዮን ካነሣህ አይቀር። የጀርመን ድምፅ በ1957 አማርኛ ሲጀምር ያለ አጭር ሞገድ ጎጃም አይደርስም ነበር። ቢቢሲ አማርኛ በ2010 ሲመጣ ግን በድረ ገጽና በፌስቡክ ጀመረ፤ ሬዲዮው በኋላ ነው የተከተለው። አንዴ ዳታ ሲጠፋ ማን እንደሚቀር አየን። ወጣት ባልደረቦቼ ሬዲዮን እንደ ሽማግሌ ዕቃ ሲያዩት ይቺን አስታውሳቸዋለሁ።

የቡሬ በርበሬ

እናንተ ሁሉንም ክፉ አደረጋችሁት። እኔ ነጋዴ ነኝ። ድሮ የአዲስ አበባን የበርበሬ ዋጋ የሚያውቀው የጭነት መኪና ያለው ብቻ ነበር። ገበሬውን እንደፈለገ ይቆርጠዋል። አሁን ገበሬው ልጁ ስልክ ላይ ቴሌግራም ይከፍትለታል፣ ዋጋውን ያያል፣ ከኔ ጋር ይከራከራል። ትርፌ ቀነሰ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ይገባዋል። ይኼን የትኛው ጋዜጣ አድርጎለት ያውቃል?

አዎ፣ ውሸታም ዋጋ የሚለጥፍም አለ። ለመግዛት ሲፈልግ አሳንሶ ይጽፋል። ግን ቡድኑ ውስጥ ያለ ሰው ወዲያው ይሰድበዋል፣ ይሰርዛል።

ከጅዳ

ሰላም ለናንተ ይሁን። ስማችሁን ባላውቅም ሠርጋችሁን አውቀዋለሁ። ግራፉ ላይ ያለችው የሳዑዲ ተመልካች እኔ ነኝ።

እዚህ የሰው ቤት ነው የምሠራው። ማዳም ከተኛች በኋላ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ነው የማየው። የማላውቀው ሰው ሠርግ ለምን እንደማይ ሰው ይጠይቀኛል። ደጀን ላይ የተቀረጸ ከሆነ ታዳሚው መሐል እናቴን ፈልጌ ነው። አንዴ አግኝቻታለሁ። ከበስተኋላ፣ ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ሳህን ይዛ ታልፋለች። ያቺን ቦታ አቁሜ ስክሪንሾት አነሣሁ።

ወንድሜ ካሜራ፣ እስክስታውን ሁሉም ያየዋል፣ እኔም አያለሁ። ምርቃቱን ግን እደግመዋለሁ። "ክፉ አይንካሽ፣ በሄድሽበት ይቅናሽ" ሲሉ ለሙሽራዋ ነው፤ እኔ ግን ለኔም አድርጌ አሜን እላለሁ። ከሺ ሰው መሐል አንድ ስለሆንኩ ግራፍህ ላይ አልታይም ይሆናል።

ዋሸራ

እኅታችን፣ አምላክ በሰላም ለአገርሽ ያብቃሽ።

የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። የኛም ነገር እንደ ካሜራው ሆኗል። ቅኔ ቤት ተማሪው ሌሊት ቅኔውን ይቆጥራል (ያዘጋጃል)፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ በማኅሌት ይዘርፋል። አድማጩ የሚያውቅ ሰው ነው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ለመያዝ ጆሮ ያለው። አሁን የቅኔ ቴሌግራም ቻናሎች ብዙ ናቸው። ደስ ይላል፤ ጎንጅ ላይ የተባለውን ቅኔ ጎንደር ያለ ሰው በዚያው ቀን ይሰማዋል። ግን የሚሰራጨው የትኛው እንደሆነ አይታችኋል? ጉባኤ ቃና። የመጀመሪያዋና አጭሯ የቅኔ ዓይነት፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ናት፣ በአንድ ፎቶ ትገባለች። መወድስ ስምንት ቤት ነው፣ ሰው አያነብበውም። እናም አንዳንድ ወጣት ባለ ቅኔዎች ጉባኤ ቃና ላይ ቀርተዋል። መምህሬ ይኼን ሲሰሙ "በመግቢያው በር ላይ ሰፈሩ በላቸው" አሉኝ።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ መቅዳት ነው። ድሮ የሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ውርደት ነበር፤ ሁሉም ያውቅብሃል። አሁን ከሌላ ክፍለ ሀገር የተቀዳውን ይዞ ቢመጣ ማን ይለየዋል? የኛን ቅኔ የሚለይ ኮንቴንት አይዲ አልተሠራልንም።

የባሕር ዳር ኤዲተር

ሃሃ ዋሸራ፣ ተሠርቶ ቢሆን ስንቱ ሊቅ ክሌም ይመጣበት ነበር!

ግን ቁም ነገሩ ላይ ልምጣ። ሁላችንም ያልነው አንድ ነገር ነው መሰለኝ። ሥራችንን የሚመዝነው ሰው ተቀይሯል። ድሮ የሙሽራዋ እናት፣ የጋዜጣ ዋና አዘጋጅ፣ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሲበድሉህ ፊታቸው ቆመህ ትከራከራለህ። አሁን ማሽን ቆጥሮ አማካኙን ይነግርሃል። አማካኙ ውስጥ ደግሞ የጅዳዋ እኅታችን የለችም።

ጡረተኛው ዘጋቢ

ለዋና አዘጋጅ የፈረድክለት ግን አልተዋጠልኝም። እኔም በዘመኔ ዋና አዘጋጅ ፊት ቆሜ ተከራክሬያለሁ፤ ብዙ ጊዜ የተሸነፍኩት እኔ ነኝ። ያ ሰው ከአንባቢ ይልቅ አለቃውን የሚፈራ ነበር። የድሮው በር ጠባቂ ሁሉ ቅዱስ አልነበረም። የቡሬው ነጋዴ ያለውም እውነት ነው። የኔ ጭንቀት አንድ ነው፤ ቢቡኝ ድረስ ሄዶ አይቶ የሚመጣውን ሰው ማን ይከፍለዋል? ይኼን የሚመልስልኝ ካለ እዚሁ ነኝ።

የሞጣ መምህርት

ጋሼ፣ እኛው ብናዋጣስ? እድር የምናዋጣ ሰዎች አይደለን እንዴ? በቴሌብር ወር በወር ትንሽ ትንሽ ከፍለን የራሳችን ዘጋቢ ሞጣ ላይ ብናቆም? ውጭ ያሉትም ለጩኸት ከሚሰጡ ለዚህ ቢሰጡ።

ጡረተኛው ዘጋቢ

ልጄ፣ ሐሳቡ መልካም ነው። ግን የሚያዋጣው ሰው ስለ ራሱ የማይጥመው ዜና ሲወጣ መዋጮውን እንዳያቆም በጽሑፍ ይግባ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ መዋጮ የወደቀብን እዚያ ላይ ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 የበይነ መረብ ሚዲያንም ይመለከታል፤ ምዝገባውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዘጋቢ ማሠልጠን ካስፈለገ እኔ በነፃ እመጣለሁ፣ ትራንስፖርቱን ብቻ ቻሉኝ።

የቡሬ በርበሬ

ቡሬ ላይ ከተጀመረ እኔ የመጀመሪያውን ወር እከፍላለሁ። የገበያ ዋጋ ካለበት ነው ግን!

የማርቆስ ካሜራ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጅዳዋ እኅቴ፣ የማሳጥረው ቀርቷል። ከዚህ በኋላ ቤተሰቡ በፍላሽ ሙሉውን ይወስዳል። ዩቲዩብ ላይም ምርቃቱ ሙሉውን ይገባል። ኤዲተር፣ ግራፉ እንዳይሰበር ምን ላድርግ? ሰው ወደሚፈልገው ክፍል ዘሎ የሚሄድበትን ነገር እንዴት ነው የምትሠሩት?

የባሕር ዳር ኤዲተር

ቀላል ነው። ቪዲዮው ሥር ያለው መግለጫ ላይ ሰዓቱንና የክፍሉን ስም በየመስመሩ ጻፍ። የመጀመሪያው 00:00 መሆን አለበት። ቢያንስ ሦስት ክፍል ይኑርህ፣ እያንዳንዱ ከ10 ሰከንድ አይነስ። "ሽለላ"፣ "ምርቃት"፣ "እስክስታ" ብለህ ለይ። የቸኮለው ይዘልላል፣ የፈለገው ያያል።

የድሮዎቹን ቪኤችኤስ ካሴቶችህን ግን ቶሎ ወደ ፋይል ገልብጥ። ሻጋታ ከያዛቸው የማጫወቻውን ጭንቅላት (ካሴቱን የሚያነበውን ክፍል) ያበላሹብሃል። ማጫወቻ ከሌለህ እኔ ጋ አንድ የሚሠራ አለ፤ ወደ ባሕር ዳር ስትመጣ ይዘሃቸው ና።